የሞባይል አፕ ዋጋ አወጣጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አገር ቤትም ሆነ ውጭ ሆነው ለአማርኛ ተናጋሪ ተጠቃሚ አፕ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው የዋጋ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ተደርድረዋል።

አፕ ለሽያጭ ለማውጣት መነሻ ወጪው ስንት ነው?

ጉግል ፕሌይ ላይ አካውንት መክፈቻው 25 ዶላር ነው፤ አንዴ ከፈሉ አበቃ። አፕል ግን በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል። ዓመቱ ሲያልቅ ካላደሱ አፑ ከስቶሩ ይነሳል፤ ቀድመው በጫኑት ሰዎች ስልክ ላይ ይቆያል እንጂ አዲስ ሰው ሊያወርደው አይችልም። ሦስተኛው ወጪ ሰርቨር፣ ማለትም የአፑ ይዘት በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አፕ፣ ለምሳሌ የዘመን መቁጠሪያ መቀየሪያ፣ ይህን ወጪ ላያውቀው ይችላል። ድምፅና ቪዲዮ የሚያወርድ አፕ ግን ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር የሰርቨር ሒሳቡም አብሮ ያድጋል።

ዋጋ ከማሰብዎ በፊት የዓመቱን ድምር ያስሉ። ሰርቨሩ በወር 20 ዶላር ቢሆን በዓመት 240 ነው፤ የአፕል 99 ሲጨመርበት 339 ዶላር ይሆናል። በ4.99 ዶላር የሚሸጥ አፕ ስቶሩ 15 በመቶ ኮሚሽኑን ከቆረጠ በኋላ 4.24 ዶላር ስለሚያስገኝ፣ 80 ሰው እስኪገዛ ድረስ ለእርስዎ የሚተርፍ ነገር የለም።

ተጠቃሚው 4.99 ሲከፍል እጄ የሚገባው ስንት ነው?

የሁለቱም ስቶሮች መደበኛ ኮሚሽን ለረጅም ጊዜ 30 በመቶ ሆኖ ቆይቷል፤ ለአነስተኛ ሻጮች ግን 15 በመቶ አለ። አፕል ከጃንዋሪ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ለሚያገኙ ገንቢዎች፣ ጉግል ደግሞ ከዚያው ዓመት ጁላይ ጀምሮ ለማንኛውም ገንቢ የዓመቱ የመጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ላይ 15 በመቶ ብቻ እንደሚቆርጡ ደንግገዋል። በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈል ሰብስክሪፕሽን ከሆነ ጉግል ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ከመጀመሪያው ቀን 15 በመቶ መውሰድ ጀምሯል። አፕል ላይ በአነስተኛ ሻጮች ፕሮግራም ያልገባ ገንቢ ደንበኛው አንድ ዓመት እስኪሞላው 30፣ ከዚያ በኋላ 15 በመቶ ይቆረጥበታል። እነዚህ መጠኖች በፍርድ ቤት ውሳኔና በውል ማሻሻያ ስለሚነካኩ፣ የመጨረሻውን ቁጥር ከሰው ወሬ ሳይሆን ኮንሶሉ (የስቶሩ የገንቢ መቆጣጠሪያ ገጽ) ላይ ከፈረሙት ውል ይውሰዱ።

በአሜሪካ 4.99 ዶላር በ15 በመቶ ሲቆረጥ 4.24፣ በ30 በመቶ ሲቆረጥ 3.49 ይቀራል። አውሮፓ ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ለተጠቃሚው የሚታየው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ ነው። ጀርመን ውስጥ 4.99 ዩሮ ሲከፈል መጀመሪያ 19 በመቶ ታክሱ ይወጣና 4.19 ይቀራል፤ ከዚህ ላይ 15 በመቶ ኮሚሽን ሲነሳ 3.56 ዩሮ ይሆናል። ታክሱን ስቶሩ ራሱ ሰብስቦ ለመንግሥት ያስገባል። ብሪታንያ 20 በመቶ፣ ሳዑዲ 15፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 5 በመቶ ነው። ስለዚህ በአንድ ዋጋ ዱባይ ላይ የሸጡትና ለንደን ላይ የሸጡት እኩል አያስገኝልዎትም።

15 በመቶው በራሱ ይመጣል ወይስ ማመልከት አለብኝ?

ማመልከት አለብዎት፤ ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያፈስሰውም እዚህ ላይ ነው። አፕል ላይ የአካውንቱ ባለቤት የስሞል ቢዝነስ ፕሮግራም ቅጽ ይሞላል፣ ከእሱ ጋር የተያያዙ ሌሎች አካውንቶች ካሉም ያሳውቃል። ቅናሹ የሚጀምረው ማመልከቻው የጸደቀበት የአፕል የሒሳብ ወር ካበቃ ከ15 ቀን በኋላ ነው። ለገና ወይም ለእንቁጣጣሽ ሽያጭ ካሰቡ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይጨርሱት። ጉግል ላይ ፕሌይ ኮንሶል ውስጥ ገብተው የአካውንት ቡድን መፍጠርና ውሉን መቀበል ይጠበቅብዎታል። ሦስት አካውንት ከፍቶ ሚሊዮኑን በሦስት ማባዛት አይቻልም፤ ሁሉም እንደ አንድ ይቆጠራል።

አንድ ሌላ ነገር እዚሁ ይያዙ። አፕል ላይ የሚከፈልባቸው አፖች ውል ካልተፈረመና የባንክና የታክስ ቅጾቹ ካልተሞሉ፣ አፑ ውስጥ የሚሸጡት ዕቃ በሙከራ ጊዜ እንኳ አይታይም፤ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ገንቢዎች ችግሩ ኮዱ ላይ ያለ መስሏቸው ቀናት ያባክናሉ።

ስድስት ወር ሠርቼበታለሁ። ዋጋውን ከድካሜ ልነሳ?

አይሆንም። ገዢው ስድስቱን ወር አያያቸውም፤ የሚያየው ስልኩ ላይ የሚያገኘውን ጥቅም ነው። የደከሙበት ሒሳብ የሚጠቅመው ሥራው ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብሎ ለመወሰን እንጂ ዋጋ ለመለጠፍ አይደለም።

መነሻው ሦስት ጥያቄ ነው፦ ከፋዩ ማነው? አሁን ያንን ሥራ በምን እየሠራው ነው፣ ለዚያስ ስንት ያወጣል? አፑን በሳምንት ስንት ጊዜ ይከፍተዋል? ለዲያስፖራ ልጆች ፊደል የሚያስተምር አፕ ላይ ተጠቃሚው ልጅ ነው፣ ከፋዩ ግን ሜሪላንድ ያለ ወላጅ ነው። ይህ ወላጅ አፑን የሚያወዳድረው ከሌላ አፕ ጋር ሳይሆን ከታተመ የፊደል መጽሐፍና ቅዳሜ ከሚወስድበት የአማርኛ ትምህርት ጋር ነው። ስለዚህ 9.99 ዶላር አይከብደውም፤ እንዲያውም 0.99 ቢባል ‹ይሄ ምን ያስተምራል?› ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ላለ ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ የሚይዝ አፕ ደግሞ በየቀኑ የሚከፈትና የጠፋ ዱቤ የሚያስመልስ ስለሆነ ወርሃዊ ክፍያ ይሸከማል። የዘመን መቁጠሪያ መቀየሪያ ግን በነፃ የሚገኝ ብዙ ስላለ፣ ሰው ሊከፍልበት የሚችለው ምናልባት ማስታወቂያውን ለማጥፋት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት ዋጋ ይጻፉ፦ ሳያስብ የሚከፍለው፣ አስቦ የሚከፍለው፣ ‹ውድ ነው› እያለም ቢሆን የሚከፍለው። ለእያንዳንዱ እጅዎ የሚገባውን ያስሉና በመካከለኛው ይጀምሩ። ዝቅተኛው ላይ መጀመር የተለመደ ነው፣ ግን አይመከርም፤ ዋጋ መቀነስ ማንንም አያስቆጣም፣ መጨመር ግን ያስቆጣል።

መጀመሪያ ነፃ ላውጣውና ሰው ሲለምደው ዋጋ ልለጥፍበት እችላለሁ?

የአፕል ስቶር ላይ ይቻላል። ጉግል ፕሌይ ላይ አይቻልም፦ አንድ አፕ አንዴ በነፃ ከቀረበ በዚያው የፓኬጅ ስም (ስቶሩ አፑን በሚለይበት መታወቂያ) ተመልሶ የሚከፈልበት ሊሆን አይችልም። የሚከፈልበትን ነፃ ማድረግ ይቻላል፣ መመለሻ ግን የለውም። ለአንድ ሳምንት የበዓል ስጦታ ብለው ዋጋውን ዜሮ ካደረጉ በሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ያለዎት ምርጫ በአዲስ የፓኬጅ ስም አዲስ አፕ ማውጣት ነው፣ ያኔ ደግሞ የቀድሞው ኮከብ፣ አስተያየትና የተጠቃሚ ቁጥር አብሮ አይመጣም።

በነፃ ያለ አፕ ውስጥ የሚሸጥ ነገር መጨመር ግን ሁልጊዜም ይፈቀዳል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለዎት አፑን በነፃ አውጥተው ዋናውን ጥቅም ውስጡ ይሽጡ።

አንዴ ይከፈል ወይስ በየወሩ?

ወሳኙ ነገር ወጪዎ ነው። ሰርቨር ከሌለውና በየወሩ አዲስ ነገር ካልጨመሩበት፣ በየወሩ ማስከፈል ለተጠቃሚው አይዋጥለትም፤ አስተያየት መስጫው ላይ ይነግርዎታል። በየሳምንቱ አዲስ ተረት ወይም አዲስ ትምህርት የሚጨምሩ ከሆነ ግን አንዴ ብቻ ማስከፈል እርስዎን ይጎዳል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት የከፈለ ሰው ዛሬም እያስወጣዎት ነው።

ሁለቱን ለማወዳደር የሚረዳው ቁጥር በየወሩ የሚያቋርጡት ድርሻ ነው። ከ100 ከፋዮች በወር 20ው የሚያቋርጡ ከሆነ አንድ ደንበኛ በአማካይ 5 ወር ይቆያል (1 ለ0.20 ሲካፈል)። ወርሃዊው 1.99 ዶላር ከኮሚሽን በኋላ 1.69 ስለሚሆን በ5 ወር 8.45 ዶላር ያስገኛል። አንዴ በ9.99 ቢሸጡት የሚያገኙት 8.49 ነው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የአንዴው ገንዘብ ዛሬ መግባቱና ‹አቋርጡልኝ› የሚል መልእክት አለመኖሩ ነው። የሚያቋርጡት 10 በመቶ ከሆኑ ግን ደንበኛው 10 ወር ቆይቶ 16.90 ያስገኝልዎታል፣ ያኔ ወርሃዊው አሸነፈ። ዓመታዊ ምርጫ ሲያቀርቡ የ10 ወር ዋጋ አካባቢ ያድርጉት፤ አንድ ዓመት ሙሉ የማቋረጥ ሐሳብ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው።

ማስታወቂያ ብቻ ባደርግበትስ?

በነፃ የሚከፈትና በየቀኑ የሚታይ አፕ ከሆነ ያስኬዳል፤ ግን አስቀድመው ያስሉት። ኢሲፒኤም የሚባለው ማስታወቂያው 1,000 ጊዜ ሲታይ የሚከፈልዎት ነው፤ መጠኑም በአብዛኛው የሚወሰነው ተጠቃሚው ባለበት አገር ነው፣ አሜሪካ ያለ ተጠቃሚ ኢትዮጵያ ካለው በጣም ይበልጣል። በቀን 1,000 ተጠቃሚ፣ እያንዳንዱ 3 ማስታወቂያ፣ ኢሲፒኤሙ 0.30 ዶላር ነው እንበል፦ በቀን 0.90፣ በወር 27 ዶላር። አድሞብ (የጉግል የአፕ ማስታወቂያ አገልግሎት) ሒሳብዎ 100 ዶላር እስኪሞላ ስለማይልክ፣ የመጀመሪያው ክፍያ የሚመጣው ከአራት ወር በላይ ቆይቶ ነው።

ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ይላካል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት ለቤት ፖስታ ስለማይታሰብ የፖስታ ሣጥን ቁጥር በትክክል ያስገቡ፤ የራስዎ ከሌለ የመሥሪያ ቤት ወይም የዘመድ ይጠቀሙ። ለልጆች የተሠራ አፕ ላይ ደግሞ ማስታወቂያ ዋነኛ ገቢ ይሆናል ብለው አይጠብቁ፤ ሁለቱም ስቶሮች በልጆች አፕ ላይ የማስታወቂያ ደንባቸው ጥብቅ ነው፣ የተፈቀደውም ማስታወቂያ አነስተኛ ነው የሚከፍለው።

ኢትዮጵያ ያለ ተጠቃሚ በምን ይከፍለኛል?

አብዛኛው የአገር ውስጥ ባንክ ካርድ ለውጭ ኦንላይን ግዢ አይሠራም፤ ስለዚህ ጉግል ፕሌይ ላይ ያለው ‹ግዛ› ቁልፍ ለብዙው ተጠቃሚ ጌጥ ነው። አፕል ደግሞ የኢትዮጵያ ስቶር የለውም፤ አገር ቤት ያለ የአይፎን ባለቤት የሚጠቀመው በአሜሪካ ወይም በሌላ አገር በተከፈተ አካውንት ነው። ሰዉ የለመደው ክፍያ ቴሌብር፣ ኤም-ፔሳ እና የባንክ አፕ ነው። ቴሌብርን ወይም እንደ ቻፓ ያለ የክፍያ አገናኝን አፕ ውስጥ ለማስገባት ንግድ ፈቃድና ቲን ያስፈልጋል።

ደንቡን ግን ይወቁ። ጉግል ፕሌይ ላይ ያለ አፕ ውስጥ ዲጂታል ነገር (ትምህርት፣ ተጨማሪ ገጽ፣ ማስታወቂያ ማጥፋት) ሲሸጥ የጉግልን የክፍያ ሥርዓት ይጠይቃል። በአካል የሚደርስ ዕቃ ወይም አገልግሎት፣ ለምሳሌ ታክሲ፣ ምግብ ማድረስ፣ የቤት ጥገና፣ በዚህ ደንብ አይታሰርም፤ ቴሌብር መጠቀም ይችላሉ። ‹በዚህ ቁጥር 200 ብር ልከው ትምህርቱን ይክፈቱ› የሚል ጽሑፍ የያዘ የትምህርት አፕ ግን ዛሬ ቢያልፍ ነገ ይነሳል፣ ከተደጋገመም አካውንቱ ራሱ ይዘጋል። ዲጂታል ነገር ለአገር ቤት ገበያ ለመሸጥ አዋጪው መንገድ አንድም ከስቶር ውጪ ማሰራጨት፣ አንድም አፑን በነፃ ለቆ ገቢውን ከድርጅቶች፣ ለምሳሌ ለተማሪዎቹ በጅምላ ከሚከፍል ትምህርት ቤት፣ ማግኘት ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ግን ሰላማዊ መንገድ ነው።

እንዲሁም ኮድ መጻፍ ሳይጀምሩ ጉግል ‹ገንቢ መሆን የሚቻልባቸው አገሮች› እና ‹ሻጭ መሆን የሚቻልባቸው አገሮች› ብሎ ያወጣቸውን ሁለት ዝርዝሮች ይመልከቱ። ዝርዝሮቹ አንድ አይደሉም። አንድ አገር በመጀመሪያው ኖሮ በሁለተኛው ላይኖር ይችላል፤ ያኔ አፑን በነፃ መልቀቅ እንጂ መሸጥ አይቻልም።

ኤፒኬውን (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይሉን) በቴሌግራም አሰራጭቼ በኮድ ብከፍተውስ?

ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ የሚበላሸውም በተመሳሳይ ቦታ ነው። ተጠቃሚው ገንዘብ ልኮ ስክሪንሾት ይልካል፣ ሻጩ የማግበሪያ ኮድ ይሰጣል። መጀመሪያ፣ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ በደቂቃ ይቀየራል። የግብይት ቁጥሩን እርስዎ ስልክ ላይ ከደረሰው መልእክት ጋር ሳያስተያዩ ኮድ አይስጡ፣ የተጠቀሙበትን ቁጥርም መዝግቡ፣ ያው ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ይመጣልና።

ሁለተኛ፣ ኮዱን ከስልኩ የአንድሮይድ መለያ ጋር ብቻ አያሰሩት። ስልኩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ሲመለስ መለያው ይቀየራል፤ ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ደግሞ አፑ የተፈረመበት ቁልፍ ከተቀየረም ይቀየራል። በከፈለ ሰው ላይ አፑ ይዘጋበትና ሌባ ነህ የተባለ ያህል ይቆጣል። ከስልክ ቁጥር ጋር አስረው በአጭር መልእክት ያረጋግጡ፣ ለአንድ ቁጥር ሁለት ስልክ ይፍቀዱ። ይህን ሁሉ ሠርተውም የተሰበረ ኤፒኬ መዞሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ዋናውን ይዘት ኤፒኬው ውስጥ አያስቀምጡ፣ የከፈለ ሰው ብቻ ከሰርቨር እንዲያወርደው ያድርጉ። የአንድ ደንበኛ ጥያቄ መመለስ 15 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ በዚህ መንገድ ከ100 ብር በታች መሸጥ ትርፉ ድካም ነው።

በብር ስንት ልበል? ዶላሩን በምንዛሪው ማባዛት ይበቃል?

አይበቃም፤ 4.99 ዶላር በምንዛሪ ሲባዛ የሚመጣው ብር ለዲያስፖራ የታሰበ ዋጋ ነው። ለአገር ቤት ተጠቃሚ መለኪያው በቴሌብር በቀላሉ የሚያወጣው ነገር ነው፦ የኢንተርኔት ጥቅል፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ ፎቶ ኮፒ። ተማሪ ከሆነ በሴሚስተር፣ ነጋዴ ከሆነ በወር ያስከፍሉ።

በብር ሲሸጡ ትልቁ አደጋ ‹የዕድሜ ልክ› የሚለው ቃል ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቀደም ብሎ በ500 ብር የተሸጠ አገልግሎት 8.77 ዶላር ያወጣ ነበር፤ በ100 ሒሳብ 5 ዶላር ሆነ። ሰርቨሩ ግን በዶላር ነው የሚከፈለው። የዶላር ወጪ ካለብዎት በብር ከአንድ ዓመት በላይ አይሽጡ፣ ዋጋውንም በየስድስት ወሩ ይከልሱ።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ 15 በመቶውን ዋጋው ውስጥ አስገብተው ይለጥፉ። 230 ብር ብለው ሲሸጡ 200ው የእርስዎ፣ 30ው የመንግሥት ነው። 200 ለጥፎ ክፍያው ላይ 230 ማለት ገዢውን ከበር ይመልሳል።

ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ዋጋ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፣ ይገባልም። አፕል ላይ አንድ መነሻ አገር መርጠው ዋጋ ሲያስገቡ ለሌሎቹ ራሱ ያሰላል፤ የአፕንና የአንዴ ግዢን ዋጋ ምንዛሪና ታክስ ሲለወጥ በራሱ ያስተካክላል፣ በእጅዎ የወሰኑትን አገር ግን አይነካም። ጉግል ላይ የሚያስገቡት ዋጋ በዚያን ቀን ምንዛሪ ይቀየርና እዚያው ይቀራል፤ እርስዎ ገብተው ካላደሱት የዛሬ ሁለት ዓመት ምንዛሪ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል።

ሁሉንም አገር በእጅ ማስተካከል አያስፈልግም። ተጠቃሚዎ ያለባቸውን ስድስት ሰባት አገሮች ይያዙ፤ ለአማርኛ አፕ ብዙውን ጊዜ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እስራኤል፣ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ሳዑዲና ኤምሬቶች ናቸው። ባሕረ ሰላጤ ላይ ቤት ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ ሰዎች ዋሽንግተን ካለ ባለሙያ እኩል ይክፈሉ ማለት ዋጋ ማውጣት ሳይሆን ገበያውን መተው ነው።

4.99 ከ5 ዶላር የተለየ ውጤት አለው?

በዶላርና በዩሮ ሰው ዓይኑ ስለለመደው ይከተሉት። በብር ግን 99 ከማለት 100 ይሻላል፤ ቴሌብር ላይ ሰው ክብ ቁጥር ነው የሚጽፈው፣ 1 ብር ተርፎት አይደሰትም።

ነፃ ሙከራ ስንት ቀን ልስጥ?

ተጠቃሚው አፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ከልቡ እስኪጠቀምበት ድረስ። ጉግል ዝቅተኛውን 3 ቀን አድርጎታል። ፊደል ማስተማሪያ አፕ ልጆች የሚከፍቱት በቅዳሜና እሁድ ከሆነ፣ ሰኞ የተጀመረ የ3 ቀን ሙከራ ሳይነካ ያልቃል፤ 7 ቀን ይሁን። የሱቅ መዝገብ ከሆነ የወር መጨረሻ ሒሳብ እስኪደርስ 30 ቀን ቢሰጡ አያስከስርም፤ ዱቤውን ሁሉ አስገብቶ የጨረሰ ነጋዴ ተመልሶ ወደ ደብተር አይሄድም።

ደንበኛው ገንዘቤን መልሱልኝ ቢልስ?

ጉግል ላይ ከተገዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ተጠቃሚው ራሱ ከጉግል መጠየቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ እርስዎ ይላካል፣ እርስዎም ከኮንሶሉ መመለስ ይችላሉ። አፕል ላይ ገንቢው መመለስ አይችልም፤ ደንበኛው ለአፕል ያመለክታል፣ ወሳኙም አፕል ነው። ይህን በትህትና የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ በአማርኛ ጽፈው ያስቀምጡ፣ በየጊዜው ያስፈልግዎታል።

ማንም ሳይጠይቅ ገንዘብ የሚመለስበት ሁኔታም አለ። ጉግል ላይ አፑ ግዢውን እንደተቀበለ በ3 ቀን ውስጥ ካላረጋገጠ ክፍያው በራሱ ይሰረዛል። ሽያጭ በየሦስት ቀኑ ተመልሶ የሚጠፋ ከመሰለዎት ኮዱ የማረጋገጫውን ጥሪ እየላከ እንደሆነ ይፈትሹ።

ዋጋ ብጨምር ነባር ከፋዮች ምን ይሆናሉ?

ሁለቱም ስቶሮች ነባሩን በድሮው ዋጋ እንዲያቆዩ ይፈቅዳሉ። ለአነስተኛ አፕ የሚሻለውም ይኸው ነው፤ ከጥቂት ነባር ደንበኞች የሚገኘው ጭማሪ ከሚያስከትለው መጥፎ አስተያየት አይበልጥም። ለሁሉም መጨመር ካለብዎት አፕል ላይ ጭማሪው ከ50 በመቶም ከ5 ዶላርም (ለዓመታዊ ከ50 ዶላር) ሳያልፍ፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይም ካልሆነ፣ የአገሩ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ማሳወቅ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ከፍ ሲል የደንበኛው ስምምነት ሊጠየቅ ይችላል፤ ዝም ያለ ደንበኛ ደግሞ ሰብስክሪፕሽኑ ይቋረጣል።

የትኛው ዋጋ እንደሚሻል እንዴት እሞክራለሁ?

የሚቆጠረው የገዢው ብዛት ሳይሆን የገባው ገንዘብ ነው። 2.99 ላይ እጅዎ የሚገባው 2.54፣ 4.99 ላይ 4.24 ነው። ዝቅተኛው ዋጋ ከፍተኛውን ለማሸነፍ 67 በመቶ የበለጠ ገዢ ማምጣት አለበት። ከ1,000 ጎብኚ 4.99 ላይ 10፣ 2.99 ላይ 14 ቢገዙ፣ ‹በርካሹ ብዙ ሸጥኩ› ማለት ይቻላል፤ ገንዘቡ ግን 42.40 ለ35.56 ነው።

10 እና 14 ደግሞ ራሳቸው ምንም አያረጋግጡም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሊገለበጡ ይችላሉ። በየዋጋው ቢያንስ 100 ገዢ እስኪደርስ አይፍረዱ። ያን ያህል ገዢ ከሌለዎት ሙከራውን ትተው ሰፋ ያለ ልዩነት ያላቸውን ሁለት ዋጋዎች እያንዳንዳቸውን ለሁለት ወር ያህል ያቆዩ፣ የበዓል ሰሞንን ከሌላው ወር ጋር ሳያወዳድሩ።

የሚከፈልበትን አፕ ነፃ አድርጌ ውስጡ ልሸጥ ነው። ቀድመው የከፈሉትን እንዴት ልለይ?

ይህ ሳይታሰብበት ከተለቀቀ ከፍለው የገዙ ሰዎች ድጋሚ ክፈሉ ይባላሉ፤ በማግሥቱ ባለ አንድ ኮከብ አስተያየት ይዘንባል። አፕል ላይ መፍትሔው የግዢው ማረጋገጫ ውስጥ አለ፦ ተጠቃሚው መጀመሪያ ያወረደው ቨርዥን ተመዝግቧል፣ ከለውጡ በፊት ከሆነ ሁሉን ይክፈቱለት። ሁለት ወጥመድ አለው። አይፎን ላይ የሚመዘገበው ለሰው የሚታየው የቨርዥን ቁጥር ሳይሆን የቢልድ ቁጥሩ (ገንቢው ለእያንዳንዱ ቅጂ የሚሰጠው የውስጥ ቁጥር) ነው፤ በሙከራ ስቶር ላይ ደግሞ ሁልጊዜ 1.0 ብሎ ነው የሚመልሰው፣ ስለዚህ ሙከራው ላይ ሠራ ማለት በእውነተኛው ይሠራል ማለት አይደለም።

ጉግል ላይ እንዲህ ያለ ምዝገባ ስለማያገኙ ራስዎ ያዘጋጁት። ዋጋው ሳይነሳ ቢያንስ ከአንድ ሁለት ወር በፊት፣ ‹ይህ ሰው ከፍሏል› የሚል ምልክት ሰርቨር ላይ በተጠቃሚው አካውንት ስም የሚጽፍ ማሻሻያ ይልቀቁ። በዚያ ጊዜ አፑን ላልከፈቱት ደግሞ የግዢ ደረሰኝ ቁጥራቸውን ልከው የሚከፈትላቸው አድራሻ ያስቀምጡ። እና ያስታውሱ፣ ጉግል ላይ ከዚህ በኋላ መመለሻ የለም።

ኮሚሽኑን ለማምለጥ በራሴ ድረ ገጽ ብሸጥስ?

አሜሪካ ላይ መንገዱ ሰፍቷል፤ በጌም ኩባንያው ኤፒክና በአፕል የፍርድ ቤት ክርክር ኤፕሪል 30 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ከተሰጠው ውሳኔ ወዲህ በአሜሪካ ስቶር ያሉ አፖች ወደ ውጭ መክፈያ ገጽ ማገናኛ ማስቀመጥ ይችላሉ። በሌላ አገር ደንቡ ይለያያል፤ አንዱ አገር የተፈቀደውን ለሁሉም መልቀቅ አፑን ያስነሳል።

ሒሳቡ ግን እንደሚታሰበው አይደለም። አሜሪካ ያለ ሻጭ በስትራይፕ (በኢንተርኔት የካርድ ክፍያ በሚያስተላልፍ ድርጅት) ሲቀበል መደበኛው ክፍያ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። በ1.99 ዶላር ሽያጭ ላይ ይህ 36 ሳንቲም ያህል፣ ማለትም 18 በመቶ ይሆናል፤ ከስቶሩ 15 በመቶ ይበልጣል። በ19.99 ዓመታዊ ክፍያ ላይ ግን 88 ሳንቲም፣ 4.4 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንንሽ ዋጋን ለስቶሩ ትተው ዓመታዊውን ብቻ በድረ ገጽ መሸጥ ያዋጣል። የአውሮፓ ደንበኞች ካሉዎት ስቶሩ ሲከፍልልዎት የነበረውን ታክስ መሰብሰብና ማስገባት ያን ጊዜ የእርስዎ ሥራ ይሆናል፤ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት አይከፍትም።